ሆድ ያባውን አቼቶ ያወጣዋል

በጨው የተተኮሰ የሸክላ ዕቃ ፊታችን ሲቀርብ ዓይናችን ቀድሞ የሚያርፈው በውጩ ላይ ነው። ሸክላ ሠሪዎች «የብርቱካን ልጣጭ» የሚሉት ሻከር ያለ ገላው፣ ግራጫና ቡናማ መልኩ፣ በኮባልት የተሣለችበት ሰማያዊ ወፍ፤ ሰብሳቢ ኪሱን የሚያራግፈው፣ ሙዚየምም መብራት የሚያበራው ለእነዚህ ነው። እኔ ደግሞ ሆዱን ካላየሁ አልረካም። ሙዚየም ገብቼ በእግሬ ጣቶች ቆሜ፣ አንገቴን አስግጌ የማሰሮ አፍ ውስጥ ስመለከት የጥበቃ ሠራተኞች ጠጋ ጠጋ ይሉኛል። ምን ላድርግ? ቢራው፣ ወተቱ፣ የኮመጠጠው ጎመን ሲነካው የኖረው ሆዱን ነው፤ ወፏን የነካት የለም። ያ ሆድ የሚለብሰው ነገር፣ ማለትም የውስጥ ልባሱ፣ በዚህ ሙያ ውስጥ እጅግ አስፈላጊ ሆኖ ሳለ እጅግ የተናቀ ነው።

መሠረታዊውን ባጭሩ ልበለው። ከመካከለኛው ዘመን ማብቂያ ጀምሮ በራይን ወንዝ አካባቢ ያሉ ሸክላ ሠሪዎች፣ በዚግቡርግ፣ በፍሬሽን፣ ዛሬ ቤልጅየም ውስጥ ባለችው ራረን እና በቬስተርቫልድ፣ ስቶንዌር የሚባለውን ጠንካራ ሸክላ በጨው ይተኩሱ ነበር። እቶኑ ከ1200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲግል ተራ ጨው ይወረወርበታል። ጨዉ ይተንና ከውኃ እንፋሎት ጋር ይገናኛል። ክሎሪኑ ከሃይድሮጂን ጋር ተጣምሮ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሆኖ በጭስ ማውጫው ይወጣል፤ ሶዲየሙ በዕቃው ገላ ላይ ያሉትን ሲሊካና አሉሚና አቅልጦ ከእነሱ ጋር ብርጭቆ ይሆናል። «ታዲያ ቡናው ጨው ጨው አይልም?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። አይልም። እቶኑ ሲከፈት በዕቃው ላይ ያለው ብርጭቆ ነው፤ ጨው የሚባል ነገር አልቋል።

ብርጭቆውም የዋዛ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1846 ሄንሪ ዱልተን ለንደን፣ ላምቤዝ ውስጥ የስቶንዌር ፍሳሽ ማስወገጃ ቱቦ የሚያመርት ፋብሪካ ከፈተ፤ በጨው የተተኮሰ ቱቦም የብዙ ከተማ ቆሻሻ ከመሬት በታች ሲያስወጣ ኖረ። ኬሚካል ፋብሪካዎች አሲድ ያስቀምጡ የነበረውም በስቶንዌር ገንቦ ነው። የከተማ ፍሳሽና የፋብሪካ አሲድ ያልበላው ልባስ ሎሚ አይፈራም። ስለዚህ «የጨው ልባስ መርዝ አለው» የሚለውን ወሬ እዚሁ ጥለነው እንለፍ። ችግሩ ሌላ ነው፤ የጨዉ ተን የፈለጉበት ቦታ ሁሉ አይገባም።

ተኑ ከእሳቱ ጋር ይጓዛል፤ በመንገዱ ያገኘውን ፊት ያለብሳል። አፉ የጠበበ ገንቦ፣ ከነክዳኑ የሚተኮስ ማሰሮ፣ አንገተ ረጅም ጠርሙስ ግን ውስጣቸው ጨው ሳይደርሰው ይቀራል። ጎድጓዳ ሳህን እንኳ ቢሆን እሳቱ የመታው ግድግዳ ሲያብረቀርቅ ሌላው ወገን ደረቅ ሆኖ ይወጣል። በደንብ የተተኮሰ ስቶንዌር ውኃ ስለማያሳልፍ ያልለበሰ ውስጥ አያፈስም፤ ሆኖም ሻካራ ፊት ቅባትና ሽታ ይይዛል፣ ለማጠብም አይመችም። ስለዚህ ሸክላ ሠሪው ዕቃውን ወደ እቶን ከማስገባቱ በፊት ሆዱን በፈሳሽ ልባስ ሞልቶ፣ አዟዙሮ፣ መልሶ ይገለብጠዋል። ከዚያ ወዲያ የውጩ መልክ በእሳቱና በጨዉ እጅ ነው። ውስጡ ግን የሠሪው ኃላፊነት ነው፤ በእሳት ማሳበብ የለም።

(የእኛ አገር ምጣድ፣ ድስትና ጀበና በዚህ ክርክር ውስጥ አይገቡም። የሚተኮሱት እጅግ ዝቅ ባለ ሙቀት፣ ያለ ምንም ብርጭቆ ነው፤ ቀዳዳቸውን የሚደፍነው ዘይቱ፣ የጎመን ዘሩና ጭሱ ነው። የእነሱ ነገር ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።)

የውስጥ ልባስ ከተነሣ የአልባኒን ጭቃ ሳልጠራ ማለፍ አይሆንልኝም። በአሜሪካ ኒውዮርክ ግዛት፣ በሐድሰን ወንዝ ዳር ባለችው አልባኒ ከተማ አካባቢ በበረዶ ዘመን ማብቂያ ሐይቅ ያስቀመጠው ደቃቅ ጭቃ አለ። በተፈጥሮው ብረት፣ ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና ሌሎች አቅላጮች ስላሉበት ስቶንዌር በሚበስልበት ሙቀት ላይ ብቻውን፣ ምንም ሳይጨመርበት ቀልጦ አብረቅራቂ ቡናማ ብርጭቆ ይሆናል። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አሥርት ዓመታት ጀምሮ የአሜሪካ ሸክላ ሠሪዎች የጨው ማሰሮዎቻቸውን ውስጥ በዚህ ጭቃ አለበሱ፤ ጭቃውም በበርሜል እየተጫነ ከአልባኒ ርቆ ተጓዘ። ዛሬ በጥንታዊ ዕቃ መደብር ውጩ ግራጫ፣ ውስጡ የቸኮሌት ቀለም የሆነ ማሰሮ ካያችሁ ብዙውን ጊዜ የምታዩት እሱን ወይም ዘመዱን ነው።

የማደንቀው ግን ቀለሙን አይደለም። ያኔ አብዛኛው ዕቃ አንድ ጊዜ ብቻ ነበር የሚተኮሰው፤ ልባሱ የሚፈስሰው ገና እርጥበት ባልለቀቀው ገንቦ ውስጥ ነው። ገንቦው ሲደርቅ ይኮማተራል። ከድንጋይ ዱቄት የተቀመመ ልባስ ቢሆን አብሮት ስለማይኮማተር ተላጥቶ ይረግፍ ነበር። የአልባኒው ግን ራሱ ጭቃ ነውና ከገንቦው እኩል ይኮማተራል፣ እኩል ይደርቃል፣ በዚያው ሙቀት ይበስላል። እርሳስ አልገባበትም፤ ቀለሙም የብረት ነው። ያለ ቤተ ሙከራ የተገኘ፣ ለሆድ የተመቸ ልባስ ማለት ይህ ነው። ቁፋሮው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ቆመ። በካናዳ አልበርታ ግዛት፣ በሜዲሲን ሃት ከተማ የሚገኘው ፕሌንስማን ክሌይስ «አልበርታ ስሊፕ» በሚል ስም የሚሸጠው ምትክ እኔ የማከብረው ምትክ ነው። የድሮውን የአልባኒ ጭቃ በጆንያ ደብቀው የሚሰስቱ አዛውንት ሸክላ ሠሪዎችንም አውቃለሁ፤ አልፈርድባቸውም።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልግባ።

በሸክላ ፍቅር የተያዘች የአንድ ወዳጄ ልጅ አለች፤ አሜሪካ ውስጥ ሰፈሯ ባለ የጋራ የሸክላ ማዕከል ትሠራለች። አንድ ቀን ለአባቷ የጠጅ ማንቆርቆሪያ ሠርታ አመጣች። ውጩ በጨው የተተኮሰ፣ ነብርማ፣ የሚያምር ነው። ውስጡ ደግሞ ብርሃን የማይመልስ ደብዛዛ ሰማያዊ አረንጓዴ፣ ዓይን የሚማርክ።

«ምን አለበት ይሄ?» አልኳት ወደ ውስጥ እያየሁ።

«ጋሼ ደግሞ! እርሳስ የለበትም እኮ» አለችኝ።

«እርሳስ አለበት አላልኩም፤ ምን አለበት ነው ያልኩሽ።»

ባሪየም ካርቦኔትና መዳብ ነበረበት። ያን መልክ የሚሰጠው ይህ ጥምረት መሆኑን ብዙ ሸክላ ሠሪ ያውቃል። ባሪየም ካርቦኔት ደግሞ በአንድ ወቅት የአይጥ መርዝ ሆኖ ያገለገለ ዱቄት ነው። ልጅቱ ይህን ስትሰማ ደነገጠችና ወደ ሌላኛው ጽንፍ ሄደች፤ «እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ መርዝ የሌለባቸውን ብቻ ነው የምጠቀመው» አለች። ይኸው ነው ችግሩ። የመጀመሪያው አነጋገሯም ሁለተኛውም የተመሠረቱት በአንድ ስሕተት ላይ ነው፦ የልባስን ደኅንነት ከዱቄቶቹ ስም ዝርዝር ማንበብ ይቻላል በሚለው።

አይቻልም። ሽንኩርት፣ በርበሬ፣ ቅቤ ብሎ ዘርዝሮ መጻፍ ወጡ መብሰሉን አይነግርም። ልባስ እቶን ውስጥ ሲገባ ዱቄቶቹ ስማቸውን ያጣሉ፤ ቀልጠው አንድ ብርጭቆ ይሆናሉ። መጠየቅ ያለበት ያ ብርጭቆ በውስጡ ያለውን አጥብቆ ይይዛል ወይ ነው። ጠመኔ የዋህ ነገር ነው፤ ልጆች በሰሌዳ ላይ ይጽፉበታል። ሲሊካ ባነሰበት ልባስ ውስጥ ጠመኔ ቢበዛ ግን የሚወጣው ደካማ ብርጭቆ ነው፤ አሲድ ሲነካው ይሟሟል፣ ሲሟሟም ለቀለም የገባውን መዳብ ወይም ማንጋኒዝ ይዞት ይወርዳል። በአንጻሩ በአግባቡ በተገነባ፣ ሲሊካና አሉሚና በሞላው ብርጭቆ ውስጥ ጥቂት ባሪየም ታስሮ ሊቀር ይችላል። ባሪየምን ለሆድ ልባስ እየመከርኩ አይደለም፤ ሌላ አቅላጭ ሞልቶ ሳለ ምን አስቸኮለን? የምለው «መርዝ የለበትም» ማለት «ደኅና ነው» ማለት እንዳልሆነ ነው።

እርሳስን በተመለከተም ሰው ፍርሃቱን ያለ ቦታው ይጥለዋል። በእርሳስ የሚቀልጥ ልባስ የዝቅተኛ ሙቀት ልባስ ነው፤ የቀይ አፈር ሸክላ ባህል ነው። ጨው የሚወረወርበት እቶን እርሳስ ጨርሶ የማያስፈልግበት ሙቀት ላይ ነው የሚደርሰው። በዚህ እቶን ዙሪያ «እርሳስ የለበትም» ብሎ መኩራራት በሬ አይወልድም ብሎ እንደመመስከር ነው። ከእርሳስ ታሪክ የምንማረው ግን አንድ ነገር አለ። በእርሳስ ልባስ ላይ ለአረንጓዴ ቀለም መዳብ ሲጨመር የሚለቀቀው እርሳስ በብዙ ይጨምራል። መዳቡ ራሱ ብቻ አይደለም የሚወጣው፤ ጎረቤቱን ያስለቅቃል። ብርጭቆ ውስጥ ያሉ ነገሮች ለየብቻ አይኖሩም።

ታዲያ ግንባታው እንዴት ይታያል? ጀርመናዊው ኬሚስት ሄርማን ዜገር በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማረን መንገድ አለ። የዱቄቶቹን ክብደት ወደ ሞለኪውል ቁጥር ይለውጡና አቅላጮቹን ሁሉ ደምረው 1 ያደርጓቸዋል። ከዚያ ለዚያ 1 አቅላጭ ስንት አሉሚናና ስንት ሲሊካ እንደደረሰው ያያሉ። አቅላጭ ያቀልጣል፤ ሲሊካ የብርጭቆው አካል ነው፤ አሉሚና ያጠነክረዋል፣ እንዳይፈስም ይይዘዋል። ለምሳሌ በእንግሊዛዊው በርናርድ ሊች ስም የሚታወቀውን ቀላል ቅመም እንውሰድ፦ 40 ፌልድስፓር፣ 30 ሲሊካ፣ 20 ጠመኔ፣ 10 ካኦሊን። ሲሰላ ለ1 አቅላጭ 0.4 ገደማ አሉሚናና 3.7 ገደማ ሲሊካ ይወጣዋል። ለከፍተኛ ሙቀት ይህ ጤናማ አጥንት ነው። የልጅቱን ሰማያዊ ልባስ አብረን ስናሰላው ሲሊካው የዚህን እኩሌታ እንኳ አይሞላም ነበር። ድብዝዝ ያለውም ለዚህ ነው፤ ያ ለስላሳ ደብዛዛነት የተፈጠረው ብርጭቆ ለመሆን የሚበቃ ሲሊካ ባለመኖሩ ነው።

ደብዛዛ ልባስ ሁሉ እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም። በአሉሚና ብዛት የሚደበዝዝና ጠንካራ የሆነም አለ። ያብረቀርቃል ማለትም ዋስትና አይደለም። ዓይን ዳኛ ሊሆን አይችልም፤ ስሌትና ፈተና ናቸው ዳኞቹ።

እስካሁን ያልኩት ለማንኛውም ከፍተኛ ሙቀት ልባስ ይሠራል። ጨው ሲገባበት ነገሩ ይጣፍጣል። በወረቀት ላይ ያሰላነው ልባስና ከጨው እቶን የሚወጣው ልባስ አንድ አይደሉም። ሶዲየም አቅላጭ ነው። በዕቃው አፍ በኩል የገባው ተን በውስጥ ልባሱ ላይም ያርፋል፤ ከእሱም ጋር ይዋሐዳል። የሊችን ቅመም እንደገና እንውሰድና ተኑ ለ1 አቅላጭ 0.2 ሶዲየም ጨመረ እንበል። አቅላጩ 1.2 ሆነ። መልሰን 1 ስናደርገው አሉሚናው ወደ 0.34፣ ሲሊካው ወደ 3.1 ይወርዳል። ይህ ቅመም ጉልበት ስላለው ቅነሳውን ይችለዋል። ከመነሻው 2 ሲሊካ ብቻ የነበረው ልባስ ግን ምን ይተርፈዋል?

ስለዚህ ለጨው እቶን የውስጥ ልባስ ስንመርጥ ሀብታሙን፣ ማለትም ሲሊካና አሉሚና የተረፈውን መምረጥ ነው፤ ጨዉ እንደሚቀንስበት እናውቃለንና። አፈ ሰፊው ዕቃ የበለጠ ይቀነስበታል፤ አፈ ጠባቡ ያነሰ። በአንድ ገንቦ ውስጥ እንኳ ከንፈሩ ጋ ያለው ልባስ ከሥሩ ካለው ይለያል። ከንፈሩ አጠገብ ልባሱ ሲፈስና ሲንጠባጠብ የምታዩት ለዚህ ነው። ጥንቁቅ ሠሪ ልባሱን ከከንፈሩ ትንሽ ዝቅ አድርጎ ይጠርገዋል፣ የቀረውን ለጨዉ ይተወዋል።

ሌላም መዘዝ አለ። ጨው ባለበት እቶን ውስጥ ብረታ ብረቶች ከክሎሪን ጋር ተጣምረው ይበራሉ። መዳብ በተለይ ተጓዥ ነው። በንጹሕ ነጭ ያለበሳችሁት ኩባያ ጎረቤቱ ላይ መዳብ ያለበት ዕቃ ከነበረ ከንፈሩ ሮዝ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። እናንተ መዳብ አላስገባችሁም፤ እቶኑ አስገባው። በጋራ እቶን የሚተኩስ ሰው የራሱን ቅመም ብቻ አውቆ አይበቃውም፤ መደርደሪያውን ከማን ጋር እንደተጋራ ይጠይቅ።

ምርጫዬን ልንገራችሁ። ለቀለም ብረትን የሚያህል የለም። ከ1 እስከ 2 በመቶ የብረት ኦክሳይድ በጥሩ ግልጽ ልባስ ውስጥ ጭስ በበዛበት እሳት ሴላደን የሚባለውን ፈዛዛ አረንጓዴ ይሰጣል፤ ከ8 እስከ 10 በመቶ ሲደርስ ቴንሞኩ የሚባለውን ጥቁር ቡናማ። ሁለቱም በሆድ ውስጥ ያምራሉ፤ ቡናም ሻይም አያስነውራቸውም። አልበርታ ስሊፕ ሦስተኛዬ ነው። ሺኖ የሚባለውን የጃፓን ነጭ ልባስ ለዓይኔ እወደዋለሁ፤ ሶዲየሙ ስለሚበዛ ግን ተሰነጣጥቆ ነው የሚወጣው፣ ጨው ሲጨመርበት ደግሞ ይብስበታል። ለዳቦ ሳህን ይሁን፤ ወጥ ለሚያድርበት ዕቃ አልመርጠውም። መዳብ፣ ማንጋኒዝ፣ ክሮሚየም፣ ሊቲየም፣ ባሪየም የሚያስፈልጋቸው ውበቶች ሁሉ በውጩ ይቅሩ። ውጩ ሰፊ ነው።

ስንጥቅ ካነሣሁ ሁለት የማይመሳሰሉ ጉዳዮችን ሰው ስለሚያደበላልቅ ልለያቸው። ሶዲየም የበዛበት ብርጭቆ ሲሞቅ በብዛት ይሰፋል፣ ሲበርድ በብዛት ይኮማተራል። ከሸክላው በላይ ከተኮማተረ በላዩ ላይ ረቂቅ የስንጥቅ መረብ ይሠራል። ይህ ዕቃውን ያደክመዋል፣ ቆሻሻም ይይዛል፤ ሸክላው ራሱ ውኃ የማይመጥ ከሆነ ግን ሰው አይገድልም። ተቃራኒው ነው አስፈሪው። ልባሱ ከሸክላው ያነሰ ከተኮማተረ ይጨናነቅና ከከንፈርና ከጠርዝ ላይ እንደ ስለት ተላጥቶ ይረግፋል። ለጨው የሚመረጥ ሸክላ ሲሊካው ብዙ መሆኑ፣ ሊቲየም ያለበት ልባስ ደግሞ እምብዛም አለመኮማተሩ ይህን መላጥ ያመቻቹታል። የረገፈው ብርጭቆ የሚገባው ወጥ ውስጥ ነው። ስንጥቅ አይቶ ዕቃውን የሚጥል፣ የተላጠ ከንፈር አይቶ ደግሞ በአሸዋ ወረቀት አለስልሶ የሚሸጥ ሰው አጋጥሞኛል፤ ነገሩ ተገልብጦበታል። ውስጥ ብቻ በወፍራሙ የለበሰ ዕቃም ሌላ አደጋ አለው። ሥሩ ላይ የተጠራቀመው ወፍራም ብርጭቆ የቀጭኑን ሸክላ ወለል ሊሰነጥቀው ይችላል። ለዚህ ሁሉ ቀላል ፈተና አለ፦ የፈላ ውኃ ሞልቶ ማቆየት፣ ደፍቶ ወዲያው በረዶ ውኃ ውስጥ መንከር፣ ይህን መደጋገም። ጉድ ካለው ያኔውኑ ይሰማል።

ወደ አሲዱ ፈተና እንምጣ። ልጅቱ የማንቆርቆሪያዋን ጓደኛ፣ በዚያው ልባስ የለበሰ ትንሽ ሲኒ፣ አመጣችና የሎሚ ቁራጭ ውስጡ አስቀመጥን፤ አሳደርነው። ጠዋት ሎሚው ሲነሣ ሥሩ የነጣ ክብ ቀርቷል። ጠጅም ጎምዛዛ ነው፤ በማንቆርቆሪያ ውስጥ ደግሞ ከአንድ ሌሊት በላይ ይቀመጣል። አቼቶ ደግሞ ከሎሚ ይሻላል። ዕቃውን እስከ ግማሹ ሞልቶ 24 ሰዓት ማቆየትና የነካውን ካልነካው ጋር ማስተያየት ነው። ቀለሙ ከተለወጠ ወይም ብርሃኑ ከደበዘዘ ጉዳዩ አለቀ፤ ያ ልባስ ለሆድ አይሆንም። ካልተለወጠ ግን ገና አላለቀም። ዓይን የማያየው ነገር ሊወጣ ይችላልና። የቤት ፈተና ጥፋተኛውን ያስይዛል እንጂ ንጹሑን ነጻ አያወጣም።

ነጻ የሚያወጣው ቤተ ሙከራ ነው። አሠራሩ ከቤቱ ብዙም አይርቅም፦ 4 በመቶ አሴቲክ አሲድ፣ 24 ሰዓት፣ የክፍል ሙቀት፤ ከዚያ ፈሳሹ ውስጥ የገባው ብረታ ብረት ይለካል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ለኩባያና ለማንቆርቆሪያ ያስቀመጠው የእርሳስ ጣሪያ በሊትር 0.5 ሚሊግራም ነው። የአውሮፓ እ.ኤ.አ. የ1984 መመሪያ ፈሳሽ ለሚሞላባቸው ዕቃዎች እርሳስን 4፣ ካድሚየምን 0.3 ሚሊግራም በሊትር ይፈቅዳል። ልብ በሉ፤ ሁለቱም የሚናገሩት ስለ እርሳስና ካድሚየም ብቻ ነው። ስለ ባሪየም፣ ስለ መዳብ፣ ስለ ማንጋኒዝ ዝም ይላሉ። «ሕጉን አልፏል» የሚል ዕቃ ስለ እነዚህ ምንም አልተጠየቀም ማለት ነው። ስለዚህ ቤተ ሙከራውን ልባሱ ውስጥ ያስገባችሁትን ብረታ ብረት በስሙ ጠርታችሁ ለኩልኝ በሉት።

የሚላከውም ዕቃ የተመረጠ ይሁን። ሰው የሚልከው ያማረውን ነው፤ መላክ ያለበት ግን የከፋው ነው። አንዱ ጨዉ ከሚወረወርበት ቀዳዳ አጠገብ የነበረው፣ ሶዲየም የጠገበው። ሌላው ከእቶኑ ቀዝቃዛ ጥግ የወጣው፣ ልባሱ በደንብ ያልቀለጠው፤ ያልበሰለ ልባስ ሲሊካው ሳይሟሟ ስለሚቀር ደካማ ነውና። እነዚህ ሁለቱ ካለፉ መሃል ያሉት ያልፋሉ።

ጥቂት ተግሣጽ ልጨምር። ከሱቅ የተገዛ ልባስ ማሰሮው ላይ «ለምግብ ዕቃ ይሆናል» ቢል፣ ያ ቃል የተሰጠው በተጻፈው ሙቀት፣ ከሌላ ልባስ ጋር ሳይደረብ፣ በኤሌክትሪክ ምድጃ ሲተኮስ ነው። ጨው እቶን ውስጥ ከገባ ቃሉ ፈርሷል። «ከጓደኛዬ ያገኘሁት ቅመም ነው» የምትሉም የጓደኛችሁ እቶን የእናንተ አይደለም። የሳህን ማጠቢያ ማሽን ሳሙናም አሲድ አይደለም፤ የተገላቢጦሽ አልካሊ ነው፣ ደካማ ልባስንም እንደ አሲድ ይበላል። በጨው የተተኮሰ ኩባያችሁን በእጅ እጠቡ፤ ክብሩ ነው።

በውጭ አገር ጠላ ለመጥመቅ ወይም ሊጥ ለማቡካት አሮጌ ማሰሮ ከጥንታዊ ዕቃ ገበያ የምትገዙ ወገኖችም አላችሁ። ሐሳቡን እወደዋለሁ። በጥፍር ስትመቱት ጥርት ብሎ የሚያቃጭል፣ ውጩ በጨው የተተኮሰ፣ ውስጡ ቡናማ ከሆነ ብዙ ጊዜ ደኅና ነው። ድምፁ ከታፈነ ስንጥቅ አለበት። ሸክላው ቀይና ለስላሳ፣ ልባሱ ቢጫ ወይም አረንጓዴ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ግን የእርሳስ ዘመን ዕቃ ሊሆን ይችላልና ጎምዛዛ ነገር አይንካው።

አዲስ ዕቃ ከሠሪው እጅ ስትገዙ ደግሞ ዋጋ ከመከራከራችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የሆዱ ልባስ ቀለም ከምን መጣ? በዚህ እቶን ከተተኮሰ በኋላ ተፈትኗል ወይ? ከየትኛው የእቶኑ ክፍል የወጣው ተፈተነ? ጥሩ ሠሪ በጥያቄው ይደሰታል፤ እንዲያውም እስኪሰለቻችሁ ያስረዳችኋል። ተቆጥቶ «እርሳስ የለበትም አልኩህ!» የሚል ካጋጠማችሁ ዕቃው ቢያምር ግዙት፤ ግን አበባ ክተቱበት።